በተሸፈነ ዓይን የታየችው ኮከብ

ለአያቴ አንዲት ኮከብ ሰጥቻት ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሼ ወሰድሁባት። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ነው። የሌሊት ሰማይን ፎቶ ስለ ማንሣትም ነው። ሁለቱን ለያይቼ ላወጋችሁ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ እንግዲህ እንደ አመጣጣቸው አብረው ይምጡ።

አያቴ የምትኖረው ደጋን ነው። ከደሴ የሚነሣ መንገደኛ የጦሳን ብርድ ከኋላው ትቶ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ከዚያም በባቲ መንገድ ሲታጠፍ አየሩ እየሞቀ፣ የማሽላው ማሳ እየበዛ ይመጣና ደጋን ይደርሳል። እኔ ደሴ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። በወር አንድ ጊዜ፣ ሲሳካልኝም ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ቅዳሜን ጠብቄ ወደ እሷ እወርዳለሁ። በአያቴ ቤት ሰው የሚቀበሉት በቡና ነው፤ የሚሸኙትም በቡና ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካውን ሳይጠጣ የተነሣ ሰው በእሷ ዘንድ ምርቃቱን ጥሎ የሄደ ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ፣ አቦሉ ተቀድቶ ሳለ፣ ለጨዋታ ያህል አንድ ወሬ ነገርኋት። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት፣ የተመሠረተበትን 100ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ፣ ከ100 የሚበልጡ አገሮች እያንዳንዳቸው ለአንድ ኮከብና በዙሪያው ለሚዞር አንድ ፕላኔት ያወጡትን ስም ይፋ አድርጎ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰቻት ኮከብ በመዝገብ ቁጥሯ ኤችዲ 16175 ትባል ነበር። አገራችን «ቡና» አለቻት፤ ፕላኔቱንም «አቦል» አለችው። በዚያው ሳምንት የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ምድር ስለ ተወነጨፈች የእኔም ጆሮ ወደዚያ አዘንብሎ ነበርና የኮከቧን ወሬ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

አያቴ ጀበናውን እንደ ያዘች ቀረች።

«ቡና የሚባል ኮከብ አለ ነው የምትለኝ?»

«አለ፣ እማ።»

«አቦሉ ካለ፣ ቶናውስ? በረካውስ?»

«እስካሁን የተገኘው አቦሉ ብቻ ነው።»

ጥቂት አሰበችና ስኒዎቹን በጨርቅ ሸፈነቻቸው። «በል ውጣና አሳየኝ» አለችኝ።

ወጣን። ሰማዩ ጠርቷል፤ ጨረቃም አልወጣችም። መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር፣ በስተ ምዕራብ ከሚታየው ደብዛዛ የኮምቦልቻ ፍካት በቀር ሌላ ብርሃን የለም። ወደ ሰሜን ዞረን ቆምን። በዚያ ወቅት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ሁለት ደማቅ ኮከቦች በሰሜን በኩል ከፍ ብለው ይታያሉ። የአንዷ ስም አልማክ፣ የሌላዋ አልጎል ነው፤ ስሞቹ ሁለቱም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ቡና የምትገኘው በሁለቱ መካከል፣ እኩሌታው ላይ ማለት ይቻላል። ጣቴን ዘርግቼ አመለከትኋት። አያቴ ረጅም ጊዜ ቀና ብላ አየች።

«ባዶ ነው» አለች።

እውነቷን ነው። ኮከቦች እንደ ድምቀታቸው ደረጃ አላቸው፤ የደረጃው ቁጥር በጨመረ መጠን ኮከቡ ይደበዝዛል። ጤነኛ ዓይን በጨለማ ስፍራ የሚያየው እስከ 6ኛው ደረጃ ገደማ ነው፤ ቡና ደግሞ 7.3 ናት። ከእኛ ወደ 196 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። ያን ማታ ደጋን ላይ የወረደው ብርሃኗ ጉዞውን የጀመረው በዘመነ መሳፍንት፣ ቋረኛው ካሣ ገና ልጅ ሳለ ነው። ይህንንም ነገርኋት፤ ነገሩን ያቃልልልኛል ብዬ።

«ታዲያ እንግዳ ይህን ያህል መንገድ መጥቶ ከደጅ ይቀራል?» አለችኝ።

ይህች ቃል ናት ለስሕተት የዳረገችኝ። ስልኬ ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ በእጅ ማስተካከል የሚቻልበት ካሜራ አለው፤ ቢሆንም ከ4 ሰከንድ በላይ ዓይኑን ከፍቶ መቆየት አይችልም። ስልኩን ከግንቡ ላይ አስደግፌ፣ ወደ ሰሜን አቅንቼ፣ አንድ ፎቶ አነሣሁ። አንድ ብቻ። ቤት ገብተን ስናየው ጥቁር ነበር፤ ሁለቱ ደማቅ ኮከቦችና ጥቂት ባልንጀሮቻቸው ብቻ ይታያሉ። ብርሃኑን በግድ ገፋሁት። ጥቁሩ ወደ ግራጫ ተለወጠና መላው ምስል ጤፍ የተበተነበት መሰለ። እዚያ ጤፍ መካከል፣ ከአልማክና ከአልጎል እኩሌታ አጠገብ፣ ከሌሎቹ ሁሉ ደመቅ ያለች፣ ቀላ ያለች አንዲት ነጥብ አየሁ።

«ይህቻት!» አልሁ።

አያቴ መነጽሯን አደረገች። ነጥቧን በጣቷ ጫፍ ነካቻት። «ቡናዬ» አለቻት። በዚያ ማታ በረካው ሲቀዳ ስለ ኮከቧም ዱዓ ተደረገ። በማግሥቱ ጎረቤት ሁሉ ፎቶዋን አየ። ወደ ደሴ ስመለስ ፎቶዋን በሴት ልጇ ስልክ ላይ አስቀምጬላት ነበርና ሳምንቱን ሙሉ ለቡና የመጣ ሰው ሁሉ ኮከቧን ሳያይ አልተሸኘም።

እኔ ግን ኩራት ይዞኝ ነበር። ፎቶዋን አሳጥቤ፣ በመስታወት አድርጌ ግድግዳዋ ላይ ልሰቅልላት አሰብሁ። ለዚያ ደግሞ ጤፉ መልቀም ነበረበት። እንዲህ ነው ምስል መደራረብ የሚባለውን ጥበብ መማር የጀመርሁት።

ጀማሪ የሆነ ሰው የሌሊት ሰማይን ሲያነሣ የሚፈጽመው የመጀመሪያ ስሕተት አንዱን ምስል ማመን ነው። ከደብዛዛ ኮከብ የሚመጣው ብርሃን እንደ ወንዝ አይፈስም፤ እንደ ካፊያ ጠብ ጠብ ይላል እንጂ። በ4 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጠብታ እንደሚወርድ የዕድል ጉዳይ ነው። በዚያ ላይ ካሜራው ራሱ የሚጨምረው አለ። ፎቶ አንሺዎች ይህን ሁሉ ባንድ ላይ ኖይዝ ይሉታል፤ ጫጫታ ማለታቸው ነው።

ቃሉ ትክክለኛ ነው። በባቲ የሰኞ ገበያ መካከል ቆማችሁ አንድ ሰው ከሩቅ ስማችሁን ይጠራል እንበል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠራ የግመሉና የሻጩ፣ የገዢውና የደላላው ድምፅ ይውጠዋል። ያንኑ ስም መቶ ጊዜ ቢደጋግመው ግን ጆሮ ለይቶ ያወጣዋል፤ ጫጫታው በየቅጽበቱ ሌላ ሲሆን ስሙ ሁልጊዜ ያው ነውና። ምስል መደራረብም ይኸው ነው። 100 ምስሎች ሲደመሩ የኮከቡ ብርሃን 100 እጥፍ ይሆናል። ጫጫታው ግን አንዴ ሲጨምር አንዴ ሲቀንስ እርስ በርሱ እየተጣፋ 10 እጥፍ ብቻ ያድጋል። ስለዚህ ኮከቡ ከጫጫታው በፊት ከነበረው 10 እጥፍ ጎልቶ ይወጣል። በ4 ምስል ትርፉ 2 እጥፍ፣ በ16 ምስል 4 እጥፍ፣ በ64 ምስል 8 እጥፍ ነው፤ ጥራቱን እጥፍ ማድረግ የሚሻ ሰው ድካሙን አራት እጥፍ ሊያደርግ ግድ ነው።

ይህ የድሃ ጥበብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1995 እ.ኤ.አ. ሐብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ባዶ የሚመስል አንድ ጠባብ የሰማይ ቦታ ላይ 10 ቀን አፍጥጦ 342 ምስሎች አነሣ፤ ተደራርበው ሲታዩ ባዶው ቦታ ወደ 3,000 በሚጠጉ ጋላክሲዎች የተሞላ ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ ድሃ ይበልጥ ያስፈልገዋል። እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ የቆሙት ሁለቱ ቴሌስኮፖች የእያንዳንዳቸው መስታወት 1 ሜትር ስፋት አለው። የስልኬ ሌንስ ቀዳዳ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። በስፋት ቢሰላ ልዩነቱ 160 ሺህ እጥፍ ይመጣል። ይህን ጉድለት በጥቂቱም ቢሆን የሚክሰው መደጋገም ነው።

በሳምንቱ ትራይፖድ ተውሼ ወደ ደጋን ወረድሁ። ጣቴ ስልኩን እንዳያንቀጠቅጠው ማንሻውን በ2 ሰከንድ የሚዘገይ አደረግሁት፤ ካሜራው ራሱ ከሚያሳምረው ምስል ይልቅ ጥሬውን ምስል እንዲያስቀምጥ አዘዝሁት፤ እያንዳንዳቸው የ4 ሰከንድ የሆኑ 100 ምስሎች አነሣሁ። ዲፕ ስካይ ስታከር የሚባለው፣ በነፃ የሚገኘው የመደራረቢያ ፕሮግራም፣ ሌላም ነገር ይፈልግ ነበር፤ ሌንሱ ተሸፍኖ፣ ጊዜው ሳይለወጥ፣ በዚያው ብርድ የሚነሡ ጥቁር ምስሎች። ምክንያቱን በቅጡ ሳላሰላስል የአያቴን ጥቁር ሻሽ ተቀብዬ አጣጠፍሁና ስልኩን ሸፈንሁት፤ 20 ጥቁር ምስሎችም አነሣሁ። አያቴ ከአጠገቤ ቆማ ነበር።

«ሸፍነህ ምኑን ታነሣለህ?» አለችኝ።

«ምንም፣ እማ» አልኋት። በልቤ ግን ጨለማን ማንሣት የጊዜ ብክነት ነው እል ነበር።

ደሴ ተመልሼ ላፕቶፑ ላይ ስሠራ ከችኮላ የተነሣ ጥቁሮቹን ምስሎች ትቼ 100ውን ብቻ ደራረብሁ። ምድር ስለምትዞር ኮከቦቹ ከምስል ወደ ምስል ጥቂት ጥቂት ይሸሻሉ፤ ፕሮግራሙ ኮከቦቹን እየለየ አንዱን ምስል በሌላው ላይ ልክ በልክ ያነባብረዋል። ሥራውን ሲጨርስ ሰማዩ ጠርቶ፣ ጤፉ ተለቅሞ፣ ቀድሞ ያልነበሩ ኮከቦች ፈልቀው አየሁ። አያቴ «ቡናዬ» ያለቻት ነጥብ ግን ነጥብ አልነበረችም። አጭር ቀይ ጭረት ሆናለች።

ኮከቦቹ ሁሉ ነጥብ ሆነው እሷ ብቻ ለምን ተጎተተች? ነጠላ ምስሎቹን ተራ በተራ ከፈትኋቸው። በመቶውም ውስጥ አለች። ኮከቦቹ ቀስ እያሉ ይሸሻሉ፤ እሷ ካለችበት ፈቀቅ አትልም። ከዚያም በሻሽ ሸፍኜ ካነሣኋቸው ጥቁር ምስሎች አንዱን ከፈትሁ። አልማክ የለም፤ አልጎል የለም፤ ሰማይ የለም። ቀይዋ ነጥብ ግን ብቻዋን ቁልጭ ብላ ቆማለች።

ለካ ኮከብ አልነበረችም። ስልኩ ብርሃን ከሚቀበልባቸው በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ነጥቦች አንዷ የታመመች ናት፤ ብርሃን ወረደም አልወረደም «አየሁ» የምትል። ካሜራውን ለሁለተኛ ጊዜ ሳቀናው ወደዚያው ቦታ ስላቀናሁት በሁለቱም ሌሊት ከኮከቧ ስፍራ አጠገብ ተገኘች።

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን «መለኪያችሁን ሳትፈትሹ ልኬታችሁን አትመኑ» እያልሁ ስንት ዓመት ጮኼአለሁ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። እውነት በመደጋገም ይጠራል ብዬ ነበር፤ የራሴ እንከንም ከኮከብ እኩል በታማኝነት ይደጋገማል። ጫጫታው በመቶ ምስል ይጣፋል። እንከኑ ግን መቶ ጊዜ ያንኑ ይመሰክራል፤ የሚያጋልጠውም የምስሉ ብዛት ሳይሆን የሰማዩ መንቀሳቀስና የጨርቁ ጨለማ ነው። ምንም ሊታይ በማይገባበት ሰዓት የማየው ነገር ካለ፣ ያ ነገር የእኔ ነው።

ጥቁሮቹን ምስሎች አስገብቼ እንደገና ደራረብሁ። ፕሮግራሙ እነሱን ከእያንዳንዱ ምስል ላይ ቀነሰና ቀዩ ጭረት ጠፋ። በስፍራው አቅራቢያ ኤም 34 የሚባለው የኮከቦች ክምችት እንደ ጭጋግ ጠብታ ሆኖ ታየ፤ ከእሱ በአንድ ዲግሪ ያህል ርቀት አንዲት ትንሽ፣ ነጣ ያለች ነጥብ ቆማለች። ከሰማይ ካርታው ጋር አስተያየሁ፤ ቡና እሷ ናት። ከጨለማው ለጥቂት የተረፈች፣ ልብ ካላሏት የምታመልጥ።

እንግዲህ ምን ላድርግ? አዲሱን ፎቶ ይዤ ሄጄ «ይኸውልሽ፣ ጠራልሽ» ብላት የሚጠይቀኝ ማን ነው? ሁለቱ ነጥቦች ተቀራራቢ ናቸው፤ የማንም ዓይን አይለያቸውም። ለአሮጊት ሴት የተሰጠን ደስታ መልሶ መንጠቅስ ምን የሚሉት ደግነት ነው? ሁለት ሌሊት ይህን ሳወጣና ሳወርድ አደርሁ። እንቅልፍ የነሣኝ ዱዓው ነበር። ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው የለመኑት ስለ ስልኬ በሽታ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ከአርብ ጀምሬ ወረድሁ። በዚያ ሌሊት ስልኩን አዙሬ፣ አቅጣጫውንም ለውጬ ሌላ 100 ምስል አነሣሁ። ቅዳሜ ማታ ቡና ተፈላ። አቦሉን ጠጣሁ፤ አልተናገርሁም። ቶናው ላይ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አያቴ ስኒዬን ተቀብላኝ ዓይን ዓይኔን አየች።

«ምን ሆነሃል?»

ነገርኋት። ቃል ሳላሳምር፣ ሁሉንም።

አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። «እና ያየሁት ምንድን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የስልኬን እንከን።»

«ለሰው ሁሉ ነግሬአለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

ፍሙን ቆሰቆሰች። ከዚያም «ጎረቤቱን ጥራልኝ» አለች። «እኔ በአፌ ነግሬአቸዋለሁ፤ አንተ ደግሞ በአፍህ ንገራቸው።»

በሕይወቴ ብዙ ክፍል ፊት ቆሜአለሁ፤ እንደዚያ ማታ ያፈርሁበት ጊዜ ግን የለም። ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰው ተሰብስቦ ነበር። በሻሽ ተሸፍኖ የተነሣውን ምስል አሳየኋቸው፤ ቀይዋን ነጥብም አሳየኋቸው። ከዚያ አዲሱን ፎቶ ከፈትሁ። ከሁሉ የሸመገሉት፣ በወጣትነታቸው ቁርኣን ያስቀሩ የነበሩት ጎረቤታችን፣ ምርኩዛቸውን አስተካክለው ጠየቁኝ።

«ይህችኛዋስ እንከን አለመሆኗን በምን እናውቃለን?»

ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከተማሪዎቼ ሰምቼ አላውቅም። «ሸፍኜ ሳነሣ የለችም» አልኋቸው። «ትናንት ማታ ደግሞ ስልኩን አዙሬ ሳነሣ ከአልማክና ከአልጎል ጋር አብራ ዞረች፤ እንከኗ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም። ካርታውም እዚሁ ቦታ ላይ ያደርጋታል።»

«ራስ አል-ጉልን ነው የምትለኝ» አሉ፤ የአልጎልን ስም በዐረብኛው እያስተካከሉልኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ። «የረመዳን ጨረቃም በምስክር ነው የምትያዘው» አሉ በመጨረሻ። «ግን መቶ ምስክር ብታቆም፣ ሁሉም በአንድ መስኮት ካዩ፣ አንድ ምስክር ናቸው።»

ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን ትምህርት በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሱት።

አያቴ መነጽሯን አድርጋ አዲሷን ነጥብ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። በዚህ ጊዜ በጣቷ አልነካቻትም።

«ታንሳለች» አለች። «ያችኛዋ ደመቅ ትል ነበር።»

«አዎ፣ ታንሳለች።»

«አቦሉስ የታለ?»

«እሱ በዚህ አይታይም። ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ የሚከብድ ነው፤ ነገር ግን በኮከቧ ብርሃን ውስጥ ይጠፋል። ያገኙትም ዓይተውት አይደለም፤ በ1000 ቀን ገደማ አንዴ ሲዞራት ኮከቧን ወዲያና ወዲህ ስለሚያወዛውዛት ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የፈራሁትን ጥያቄ ጠየቀች። «ያን ማታ ያደረግነው ዱዓስ?»

እኔ መልስ አልነበረኝም። ሽማግሌው ግን ስኒያቸውን አስቀመጡና «አብሽሪ» አሏት። «እኛ ባናውቃት አላህ ያውቃት ነበር።»

በረካው ተቀዳ። እኔም እንደ ሌላው ሰው እጄን ዘርግቼ ምርቃቱን ተቀበልሁ።

የመጀመሪያው ፎቶ ዛሬ የለም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁለተኛው ነው። እንግዳ ሲመጣ አያቴ ነጥቧን ታሳያለች፤ የተሳሳተችውንም ታሪክ ሳትቀንስ ትናገራለች፤ እንዲያውም እሱን ስታወራ ድምፅዋ ከፍ ይላል። እኔ ግን ጨረቃ በሌለችበት ቅዳሜ ስወርድ ትራይፖዱን ገና ሳልዘረጋ ጥቁር ሻሿን አጣጥፋ ታቀብለኛለች።

«መጀመሪያ ሸፍነህ እይ» ትለኛለች።